ባንኮ ጎቲቲ፦ ስሙ የታወቀ ቀበሌ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ጥበበኞች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ እያለ ይጠፋል)

ከቡና ማሳ ለተመለሳችሁ፣ እንሰት እየፋቃችሁ ሬዲዮኑን ከጎናችሁ ላስቀመጣችሁ፣ ክፍል ውስጥ ከመምህራችሁ ጋር ለምትከታተሉን ተማሪዎች ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ እንወርዳለን። መውረድ ያልኩት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ስለሆነ እንጂ መንገዱስ ዳገት ነው።

ባንኮ ጎቲቲ ከይርጋጨፌ አልፎ በስተደቡብ ያለ ደገኛ ቀበሌ ነው። ስሙ ግን ከቀበሌው ሰው በፊት ብዙ አገር ዞሯል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ሱቆች «ባንኮ ጎቲቲ» የሚል ስም በከረጢት ላይ አትመው ይሸጣሉ። ከረጢቱ ላይ የማሳው ከፍታ ይጻፋል፤ ቡናው ታጥቦ ይሁን በጀንፈል ደርቆ ይጻፋል፤ ሲጠጣ የአበባና የሎሚ ቃና እንዳለው ይጻፋል። አንዳንዱማ ገበሬው ዘሩን የሚጠራባቸውን ስሞች፣ ኩሩሜን፣ ደጋንና ወሊሾን ሳይቀር ይዘረዝራል። በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች እየለቀሙ የሚያዜሙትን ግን የጻፈ ከረጢት አላየሁም። እውነቱን ለመናገር ይህን ከነጋዴ አልጠብቅም። ከእኛ ግን እጠብቃለሁ። የዛሬው ወሬያችንም ይኸው ነው፤ በጌዴኦ ምድር ድንጋይ የጠረቡ፣ ከብት በአለት ላይ የቀረጹ፣ ዛሬም በደቦና በለቅሶ ዜማ የሚያወጡ ሰዎች ስማቸው የት ሄደ? የትኛውንስ ገና ማዳን እንችላለን?

በመጀመሪያ ስለ ስም ዋጋ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። በዚህ የተነሳ ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር ክርክር ተነሳ፤ ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ላይ ዋለ፤ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በስምምነት ተቋጨ። ገበሬው በበኩሉ ከዚያ በፊት፣ በ1994 ዓ.ም.፣ የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን አቋቁሞ ነበር። እንግዲህ የአንድ ቦታ ስም ገንዘብ መሆኑን፣ ጠበቃ የሚያቆምና ድንበር የሚሻገር ሀብት መሆኑን ጌዴኦ ከማንም በፊት ያውቃል። የሰው ስም ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ከድንጋዮቹ እንጀምር። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ትክል ድንጋይ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታወሰን አክሱም ነው፤ ቀጥሎ ጢያ ይመጣል። ጢያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ድንጋዮች 36 ናቸው። በጌዴኦ ግን ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገምታሉ። በአፍሪካ እንዲህ ተጠጋግተው በብዛት የሚገኙበት ሌላ ቦታ የለም ይላሉ። ዲላ ተወልዶ አድጎ እነዚህን ድንጋዮች ሳያይ አክሱምን በትምህርት ቤት ፖስተር የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነው። የተማሪው ጥፋት ነው አልልም።

ከሁሉም በላይ ሁለቱን ቦታዎች ማወቅ ይበቃል፤ ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቱቲን። በሁለቱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች አሉ። አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ዘምመዋል፤ ብዙዎቹ ወድቀዋል። የጨልባ ቱቱቲዎቹ ረጃጅምና ሙልሙል ናቸው፤ አናታቸው ላይ የወንድነት ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ስናገር እኔ አፍር ይሆናል፤ ጠራቢዎቹ ግን አላፈሩም።

የቱቱ ፈላዎቹ ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። እዚህ ያሉት ብዙዎቹ ድንጋዮች የሰው መልክ ያላቸው ናቸው፤ ፊት፣ ክንድ፣ በገላቸው ላይ የተሰመረ ጌጥ አላቸው። ሮጀር ጆሶም የተባለ ፈረንሳዊ የአርኪዎሎጂ ባለሙያ ቦታውን ቆፍሮ ሲያጠና ሁለት ነገር አረጋገጠ። አንደኛ፣ ቦታው መቃብር ነው፤ ድንጋዮቹ በሙታን ላይ የተተከሉ ናቸው። ሁለተኛውን ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ የሰው መልክ ካላቸው ድንጋዮች ከፊሎቹ ቀድሞ እንደ ጨልባ ቱቱቲዎቹ ዓይነት ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ሌላ ጠራቢ መጥቶ፣ የቀደመው ሰው የጠረበውን ድንጋይ እንደገና ጠርቦ፣ ፊት አወጣለት፤ እጅ ሰጠው። በአንድ ድንጋይ ላይ የሁለት ዘመን እጅ አለ ማለት ነው። የፊተኛው ጠራቢ ቢያይ ይቆጣ ነበር ወይስ ደስ ይለው ነበር? እኔ ስለ ጥበብ ማውራት ሲያምረኝ ከየትኛውም የሥዕል ዐውደ ርዕይ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል።

ዕድሜያቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ ያሉት ትክሎች በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ገደማ የቆሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱን ያካሄዱት አሸናፊ ዜና የተባሉ ኢትዮጵያዊ የአርኪዎሎጂ ባለሙያና የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቀደም ሲል ከሚታሰበው በ1000 ዓመት ያህል ይቀድማል። ይኸው ቡድን በትክል ድንጋዮቹ አካባቢ የተገኙ የባልጩት መሣሪያዎችን ሲመረምር ባልጩቱ ከሰሜን ኬንያ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ካለው ቦታ የመጣ ሆኖ ተገኘ። የመርካቶ መኪና ሳይኖር፣ አስፋልት ሳይኖር፣ ይህን ዳገት የሚወጣ ንግድ ነበረ።

ሌላው የማይታለፈው ሻጴ ነው። ማንቺቲ የሚሉትም አሉ። በወንዝ ገደል ግድግዳ ላይ ከብቶች ተቀርጸዋል። ቀለም የተቀቡ አይደሉም፤ አለቱ ተፈልፍሎ ከብቶቹ ጎልተው የወጡ ናቸው። ፍራንሲስ አንፍሬ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለነሱ ጽፏል። ከብቶቹ ቀንዳቸው ረጅም ነው፤ ራሳቸው ትንሽ ነው፤ ጡታቸው ግን ግት ብሎ ይታያል። ቀራጩ ላሟን ያወቃት በወተቷ ነው። ገበሬ አድማጮቻችን ደግሞ ወዲያው የምታስተውሉት አንድ ነገር አለ፤ የሻጴ ከብቶች ሻኛ የላቸውም። የዛሬ ከብቶቻችን ሻኛ አላቸው። በዚያ ዘመን በዚህ አገር የሚረባው የከብት ዘር የተለየ እንደነበር አለቱ ራሱ ይመሰክራል። ሻጴን ለመጎብኘት የምትሄዱ ካላችሁ በቅርጾቹ ላይ ኖራም ሆነ ጠመኔ አትቀቡ። ፎቶ ደምቆ እንዲወጣ ብለው እንዲህ የሚያደርጉ ጎብኚዎች በየአገሩ ብዙ የአለት ሥዕል አበላሽተዋል።

(ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ዓይናችንን ከድንጋዩ ወደ ማሳው እናንሳ። መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ ሪያድ ላይ ባደረገው ስብሰባ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ስብሰባ ተመዝግቧል። የጌዴኦ ሲመዘገብ ሐውልቱ ብቻ አይደለም የተመዘገበው፤ ማሳው፣ ጥብቅ ደኑ፣ ትክል ድንጋዩ፣ ሁሉም በአንድነት ነው። ጎብኚ መጥቶ «መስህቡ የት ነው?» ቢላችሁ የቆማችሁበትን ጓሮ ልታሳዩት ትችላላችሁ።

ጓሮው እንዴት እንደተሠራ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ለከተሜ አድማጮቻችን ግን ልንገራቸው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ የመሳሰሉ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ከነሱ ሥር እንሰት አለ። ከእንሰቱ ሥር ቡና አለ። ዝቅ ሲል ጎመኑና ሌላው አትክልት ይመጣል። ዛፉ ለእንሰቱና ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያዳብራል፤ ሥሩ ገደሉን ይይዛል። ይህ ሁሉ የሆነው ሜዳ ላይ አይደለም፤ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ባለ ቁልቁለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው ተቆጥሯል። በካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ወደ 700 ሰው ይመጣል። ገጠር ውስጥ ይህን ያህል ሰው በቁልቁለት ላይ ሰፍሮ ደኑ ያልተመነጠረበት አገር ብዙ አይደለም። ታደሰ ኪጴ የተባሉ የጌዴኦ ልጅና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚህ የመሬት አያያዝ ላይ መጽሐፍ አሳትመዋል። በርዕሱ ላይ «የአምስት ሺህ ዓመት» ብለው መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አስቀመጡበት። ያ የጥያቄ ምልክት ደስ ይለኛል፤ ሳይንስ የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው።

ታዲያ ቅርሱ ሲመዘገብ የተጻፈው ስለ ቦታው ነው። ዜማው በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ጎረቤቶቻችንን እንይ፤ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ ከነጭፈራው፣ ከነቄጣላው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በቀጣዩ ዓመት ተመዘገበ። የጌዴኦ ደራሮ፣ በጥር ወር ሕዝቡ ዲላ ላይ ተሰብስቦ ዘመኑን በምስጋና የሚቀበልበት በዓል፣ ከማንኛቸውም አያንስም። ምዝገባ ለመጠየቅ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳዜመ የሚያሳይ የተቀዳና የተጻፈ ማስረጃ። ያንን የሚያዘጋጀው ከዩኔስኮ የሚመጣ ሰው አይደለም። አገሬው ነው።

ዜማው የሚገኝበት ቦታ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። በደቦ ሥራ ላይ አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። እንሰት ሲፋቅ ሴቶች ይቀባበላሉ። ሠርግ ላይ ወጣቱ ይጨፍራል። ለቅሶ ላይ ሟቹን የሚያወሳ ዜማ አለ፤ እሱን ማውጣት የሚችሉት ጥቂት ናቸው፤ በየቀበሌው ይታወቃሉ፤ ሰው ሲሞት «እሷን ጥሩ» ይባላል። አቀንቃኝ የሚባለው እንግዲህ ይህች ሴት ናት። መድረክ አልወጣች፣ ካሴት አላሳተመች፤ ሙያዋ ግን የታወቀ ነው፤ ቃሉን ለዕለቱ ሟች የምታስማማው እዚያው ቆማ ነው።

አንድ ሌላ ጥበብ ደግሞ አለ፤ ጥበብ መሆኑን ብዙዎቻችን የማንቆጥረው። ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ የሚናገሩት ንግግር ነው። የጌዴኦ አባት ነው ከሚባለው ከደራሶ ሰባት ልጆች የሚወርዱትን ሰባቱን የጌዴኦ ጎሳዎች፣ በሾሌ ባቴ ቤት ሥር ያሉትን አራት፣ በሳሴ ባቴ ቤት ሥር ያሉትን ሦስት፣ በቃል አዋርደው የሚዘረዝሩ፣ ክርክሩን በምሳሌ እያዋዙ የሚፈቱ አባቶች አሉ። ቲያትር ቤት ቢሆን ኖሮ ለዚህ ትኬት ይሸጥ ነበር።

ነገሩን ሁሉ አሳምሬ ላቅርበው ብል ግን አላስተምርም። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ ሸክላ የምትሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው ለረጅም ዘመን ተንቆ ኖሯል። በማሰሮዋ እየበላን አብረናት አንቀመጥም ነበር። የጥበበኛ ስም ያልተጻፈው ወረቀት ስላልነበረ ብቻ አይደለም። መጻፍ የሚገባው ሆኖ ስላልታየን ጭምር ነው። ይህን ስንፍና በወረቀት እጦት ማሳበብ አይቻልም።

ባንኮ ጎቲቲ ደግሞ ሌላም ያየ ቀበሌ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። በቀጣዩ ዓመት ጎቲቲ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች የተጠለሉባት ቦታ ሆነች፤ ስሟ በዓለም ዜና የተነሳው ያን ጊዜ በረሃብ ነበር። ሰው ሲፈናቀል ቤትና ማሳ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ደቦው ይፈርሳል፤ አቀንቃኟ አንድ ቦታ፣ ተቀባዮቿ ሌላ ቦታ ይወድቃሉ። በአፈ ታሪኩ ደራሶና የጉጂዎች አባት ጉጆ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹም ደም ሲፈስ በጎንዶሮ ሥርዓት ያስታርቃሉ። በሁለቱም ወገን ያሉ አረጋውያን የሚያውቁት ዜማና ቃል ቢመዘገብ ለጌዴኦም ለጉጂም ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እንግዲህ ወደ ሥራው። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ መቅጃ አለው። መቅዳት ግን ስልክ ከመደቀን ይለያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰላምታ ሳይጨርሱ ይቀዳሉ። ተማሪዎች፣ አንድ አረጋዊ ቤት ስትሄዱ ተቀመጡ፣ ቡናውን ጠጡ፣ ከዚያ እንዲህ በሉ፦

«አባባ፣ ይህን ዜማ ልጅ ሆነው ከማን ሰሙት?»

«ከአባቴ እህት ነው። ደቦ ላይ እሷ ነበረች የምታወጣው።»

«ስማቸው ማን ነበር? እንድጽፈው ይፈቅዱልኛል?»

አያችሁ፣ ጥያቄው ስለ ዜማው ግጥም አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። ግጥሙ በኋላ ይመጣል። የመጀመሪያው ስም ሲገኝ ሁለተኛው ይከተላል፤ አክስቲቱ ከማን ተማረች? በዚህ ዓይነት ሁለት ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በላይ ስሙ ይጠፋል፤ የድንጋይ ጠራቢዎቹ ጠፍቷል፤ የእነዚህ ግን ገና አልጠፋም።

ከስሙ ቀጥሎ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ዜማው የሚዜምበትን አጋጣሚ ጻፉ። ቀኑን በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ተናገሩት፤ ወረቀት ይጠፋል፤ ድምፁ ግን አብሮ ይቀመጣል። ዜማው በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ከሆነ ቃሉን በጌዴኡፋ ጻፉት፤ ወደ አማርኛ መመለሱ ሁለተኛ ሥራ ነው። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አትቅዱ። አንድ ቅጂ ለዘፋኙ ቤተሰብ ይሰጥ፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። በ1988 ዓ.ም. በኮሌጅነት ተከፍቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላ ተቋም በዞኑ አለ፤ ዞኑም የባህል መምሪያ አለው። ቅጂው በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ ስልኩ በተሰበረ ዕለት ዜማውም ይሰበራል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድርሰት አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከዋኙም፣ ማለትም የሚያዜመው ሰው፣ ድምፁ እንዲቀዳ ፈቃዱን የመስጠትና የመከልከል መብት አለው። በስልካችሁ የቀዳችሁትን ሰው ሳታስፈቅዱ በማኅበራዊ መገናኛ አትልቀቁ። በተለይ የለቅሶ ዜማ ከሆነ የሟቹ ቤተሰብም ይጠየቅ። ድንጋዮቹን በተመለከተ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ትክል ድንጋይ ነቅሎ ለቤት መሠረት ወይም ለአጥር ማዋል ክልክል ነው። ማሳችሁን ስትቆፍሩ የተጠረበ ድንጋይ ካጋጠማችሁ ባለበት ተዉትና ለቀበሌ ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ከቦታው ከተነሳ በኋላ ባለሙያው ሥሩ ያለውን መቃብር ማንበብ ይቸግረዋል።

የጎብኚ ነገር ደግሞ ሲነሳ አጭር ምክር አለችኝ። እንግዳው መጥቶ ለሁለት ሰዓት ድንጋይ አይቶ ቢመለስ ለቀበሌው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ቡናው ከሚፈላበት ቤት ገብቶ፣ ቆጮ ቀምሶ፣ እንሰት ሲፋቅ አይቶ፣ ዜማ ሰምቶ ቢያድር ግን የእናቶች እጅ ላይ ገንዘብ ይወድቃል። ለዚህ ሎጅ አይጠበቅም። ንጹሕ ክፍል፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ ከየትኛው ቤት ጀምሮ ተራው እንደሚዞር የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ለጎብኚ ተብሎ ለቅሶ የሚለቀስበት ቀን ግን እንዳይመጣ። ለሥራና ለሠርግ የሚዜመው ብዙ ነው፤ ከሱ ይምረጡ።

ተማሪዎች፣ ለቀጣዩ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ካሉ አረጋውያን አንድ የሥራ ዜማ ስሙ። ካስፈቀዳችሁ ቅዱት። በደብተራችሁ ላይ የዘፋኙን ስም፣ ያስተማረውን ሰው ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑንና ዜማው በምን ሥራ ላይ እንደሚዜም ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ። መምህራን፣ በክፍል ውስጥ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡልን፤ ዜማውን ማሰማት የፈቀደ ዘፋኝ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናሰማለን። በዚያ ዝግጅት ስለ እንሰት ፍቀትና ስለ ቃጫ ሥራ ሙያተኞች እናወራለን።

(የመውጫ ሙዚቃ)